የታንኳ ክለብ ማሊያ አጣቢዎች

ተናገሪ ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። እኔስ ዝም ብየ ነበር የኖርኩት። ነገሩን ያወጣው ጭቃ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዋር፣ የትልቋ ልጄ ልጅ፣ ማሊያውን አውልቆ ሳፋ ውስጥ ወረወረና «ውጫሌ ሄደን ተጫውተን መጣን» አለ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጨ ጎመን እቀነጥስ ነበር። እጄ ዝም ብሎ ወደ ሳፋው ሄደ። ማሊያውን አነሣሁት፣ እጅጌውን በጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት፣ ወደ አፍንጫየ አስጠጋሁት። የበሰበሰ ደንገል፣ የዓሣ ቅርፊት፣ የቀዘቀዘ ውኃ። «አንተ ውጫሌ አልሄድክም» አልኩት። «ከሐይቁ ዳር ነው የዋልከው። ዋኝተሃል።»  ለካ እናቱ ዋና ከልክላዋለች። እኅቱ ራሕማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «እማማ፣ ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ጭቃው ነው የነገረኝ፣ አልኳት። የውጫሌ ጭቃ ቀይ ነው፣ ሲደርቅ ይፈረፈራል። የሐይቁ ዳር ግራጫ ነው፣ ሲደርቅ ይላጣል።

ከዚያ ወዲያ አልለቀቁኝም። አንቺ የኳስ ማሊያ ከየት ታውቂያለሽ ይሉኛል። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ ራሕማ በስልኳ ትጽፋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥር ግን አውቃለሁ፣ እስከ አሥራ አንድ። ለምን አሥራ አንድ ላይ እንደቆምኩ ስደርስበት ትሰሙታላችሁ።

ሐይቅ ላይ ደሞዝተኛ የኳስ ክለብ ነበር ብል የዛሬ ልጆች አያምኑኝም። ነበር። ዓመት እንኳ አልሞላውም እንጂ ነበር። ስሙ ታንኳ ነው። ያቋቋመው ጋሽ ደምስ የሚባል ባለመኪና ነው። እህልና ጨው ከደሴ ወልድያ የምታመላልስ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። በወጣትነቱ ሩቅ አገር ሠርቶ ኳስ አይቶ መጥቷል፤ እሱ ፍቅር ይዤ መጣሁ ሲል፣ ሰው ደግሞ በሽታ ይዞ መጣ ይላል። ከገበሬው፣ ከልብስ ሰፊው፣ ከታንኳ ቀዛፊው አሥራ አንድ ወንድ መረጠና ከዛሬ ጀምሮ ሥራችሁ ኳስ ነው፣ ደሞዛችሁ ከኔ ነው አላቸው። አገሩ ሳቀ። ጎልማሳ ሰው ሊሮጥ ደሞዝ ሊበላ። ከጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ለሮጠ ሁሉ ደሞዝ የሚከፈል ከሆነማ የኔ በቅሎ ስንት ዓመት ተበድላለች ብለው፣ ያችው ቀልድ ዓመቱን ሙሉ በገበያ ስትዞር ከረመች።

ስሙን ታንኳ ያለው የደንገል ታንኳ ውኃ ላይ ስትሄድ አይቶ ነው ይባላል። ቀላል ናት፣ አትሰምጥም፣ ግን ቶሎ ትበሰብሳለች፤ ዓመት አትደርስም። ይኸኛውን እንኳ አስቦበት አይመስለኝም።

እኔ ያኔ ስምንት ይሁን ዘጠኝ ዓመቴ፣ እንጃ። አባየ የሞተው ክለቡ ከመቋቋሙ በፊት በነበረው ክረምት ነው። መሬታችን በዚያ ክረምት ሳይዘራ ቀረ። አርባው እስኪወጣ ጎረቤቱ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እያበሰለ ሲያመጣልን ሰነበተ። አርባው በወጣ በማግስቱ እማየ ሳህኑን ሁሉ አጥባ ለየባለቤቱ መለሰችና ሁለተኛ አታምጡብኝ አለች። ሰደቃ ለሚገባው ይሰጥ፣ እኔ እጅ አለኝ አለች። እማየ ከዲጃ ነው ስሟ፣ አላህ ይዘንላት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትናገር አንዴ የምትናገር ሴት ነበረች።

አጎቴ እንድሪስ፣ የአባየ ታላቅ ወንድም፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰባት ልጆች ነበሩት። መሬታችሁን ለበልግ እኔ አርሳለሁ፣ በሰኔ እህል ይገባል፣ እስከ ሰኔ ድረስ ግን ልጅቷን ደሴ እትየ ዘሃራ ዘንድ ላድርሳት አለ። እትየ ዘሃራ የሚስቱ ዘመድ ናት፣ ባለሱቅ ናት። ትበላለች፣ ትለብሳለች፣ ቤት ታግዛለች አለ። ቤት ማገዝ ማለት ምን እንደሆነ አገሩ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ ሉባባ እንዲሁ ቤት ልታግዝ ሄዳ፣ በሁለተኛው ዓመት ለዒድ ስትመጣ፣ እናቷን ተሳስታ «እሜቴ» ብላ ጠራቻት። እናቷ ጓዳ ገብታ ቆየች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ደሴ ሲባል ለኔ ያች ቃል ናት።

እማየ ልጄ ከእጄ እየበላች ለምን ትሄዳለች አለችው። አጎቴም መሬቱን በዱላው እየቆፈረ እንዲህ አለ፦

«ከእጅሽ እስከበላች ትቆይ። ከሰው እጅ መብላት የጀመራችሁ ቀን ግን እወስዳታለሁ። የወንድሜ ልጅ በሰደቃ አታድግም።»

«እሺ» አለች እማየ።

በዚያው ሳምንት ነው ጋሽ ደምስ ዘንድ የሄደችው። እኔ ቀሚሷን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። እነዚህን ነጭ ልብስ ለብሰው መሬት ላይ የሚንከባለሉትን ሰዎች ማን ነው የሚያጥብላቸው ብላ ጠየቀችው። ጋሽ ደምስ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። አላሰበበትም። እንግዲህ በየሳምንቱ አንድ ቁና ማሽላ ሊሰጣት፣ እሷም አሥራ አንድ ማሊያና አሥራ አንድ ቁምጣ ልታጥብ ተስማሙ።

ማሊያው ነጭ ነው፤ ደረቱ ላይ አረንጓዴ መቀነት፣ ጀርባው ላይ ልብስ ሰፊው ከአረንጓዴ ጨርቅ ቆርጦ የሰፋው ቁጥር። የሚያመጣልን በረኛው ነው፣ አያ ካሳ። ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤ ረጅም፣ እጁ እንደ መቅዘፊያ የሰፋ፣ ጨዋታ አዋቂ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በጆንያ ተሸክሞ ይመጣና ከአጥር ውጭ ሆኖ «የታንኳ ሬሳ መጥቷል፣ አጣቢ አለ?» ይላል። እማየ ትቆጣዋለች። በሬሳ አይቀለድም ትለዋለች። በሚቀጥለው ሰኞ ያንኑ ይላል።

የምናጥበው በእንዶድ ነው። እንዶዱን እኔ እወቅጣለሁ። እንዶድ ዓሣ ያሰክራል፣ ይገድላል፤ ስለዚህ ከሐይቁ አጠገብ ማጠብ ነውር ነው፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ አይወዱም። ውኃ በእንስራ እየቀዳን፣ ሽቅብ ወጥተን፣ ከቤታችን ጀርባ በገበቴ ነው የምናጥበው። እጣቢው ወደ ሐይቁ እንዳይወርድ እማየ ጉድጓድ አስቆፍራኛለች። ስንት እንስራ እንዳመላለስኩ አልነግራችሁም፤ ይኼ ትከሻየ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚነግረኝ ከዚያ ጀምሮ ነው።

በመጀመሪያው እጥበት ጉድ ሠራሁ። ቶሎ ይንጣልን ብየ፣ እማየ ውኃ ልትቀዳ በሄደችበት፣ የፈላ የአመድ ውኃ አፈሰስኩበት። አረንጓዴው ለቀቀ። አሥራ አንዱም ማሊያ የሰናፍጭ ቅጠል መሰለ። ሥራችን አለቀ፣ ደሴ ሄድኩ ብየ ገበቴው ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። እማየ አልመታችኝም። ማሊያውን ተሸክማ፣ እኔን በእጄ ይዛ፣ ጋሽ ደምስ ቤት ሄደችና ዘርግታ አሳየችው። ዓይኑን አጥብቦ ብዙ አየው። ከዚያ ሐይቁን መልከት አደረገና አሁን ገና የአገራቸውን ውኃ መሰሉ አለ። በዚያው ቀረ። ተጋጣሚዎቻቸው «ቅጠሎቹ» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። ጋሽ ደምስን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዱዓየ ውስጥ አስገብቸዋለሁ፤ እስካሁንም አላወጣሁትም።

ሴት ልጅ ሜዳ አትሄድም ነበር፤ ስለዚህ ኳሱን አላየሁትም። የማየው ጆንያ ውስጥ የሚመጣውን ነው። ግን ቆይታችሁ ስታስቡት ምንም አልቀረብኝም። ማሊያው ሁሉን ይዞ ይመጣል። ቀይ አፈር ከሆነ ውጫሌ ሄደዋል። ጥቁር፣ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ መረሬ ከሆነ መርሳ ነው፤ ያኔ ሦስት ጊዜ ነው የምናጥበው። ጠጠር የቀደደው ከሆነ ደሴ። የሣር አረንጓዴ ጉልበት ላይ ካለ የራሳችን ሜዳ ነው። በረኛው በጎኑ ይወድቃል፣ ስለዚህ የሱ እድፍ ጎን ላይ ነው። ዘጠኝ ቁጥሩ ሰይድ፣ እግሩ እንደ ሽመላ የቀጠነው፣ ፊት ለፊት ይደፋል። ሰባት ቁጥር ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ እኔ ጨዋ ሰው ነው እያልኩ አከብረው ነበር፣ ለካ ሰነፍ ኖሯል። ያሸነፉ ዕለት ማሊያው ትከሻው ላይ በእጅ ጣት የተጨማደደ ነው፣ ስለሚተቃቀፉ። የተሸነፉ ዕለት እንዲሁ ተጣጥፎ ይመጣል።

ላቡን ደግሞ አትርሱ። ላብ ሲደርቅ ብብቱ ሥር ነጭ ካርታ ይሠራል፣ ጨው ነው። በረመዳን ካርታው ይወፍራል። በነገራችን ላይ በረመዳን እስላሞቹ ጾመው ሲጫወቱ ክርስቲያኖቹ በእረፍት ሰዓት ውኃ አይጠጡም ነበር፤ ወንድሞቻቸው እያዩ። ማንም አላዘዛቸውም። ይኸን አያ ካሳ ነው የነገረኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ቁጥሩንም ያስተማረኝ እሱ ነው። የታጠበውን ከአጥሩ ቁጥቋጦ ላይ ሳሰጣ ቆሞ ይኸ ማነው፣ ያስ ማነው ይለኛል። እኔ መጀመሪያ ቁጥሩ ሰውየው ያሉት ልጆች ብዛት መስሎኝ ነበር። አንድ ቁጥር የለበሰውን አያ ካሳን አዘንኩለት፤ አሥራ አንድ ቁጥሩን ደግሞ እንዴት ያበላቸው ይሆን እል ነበር። ስድስትን ዘቅዝቄ ካሰጣሁት ዘጠኝ ይሆንብኛል፤ ሁለቱ ሰዎች ወንድማማች ናቸው ብየ ደምድሜአለሁ። ሲገባኝ፣ በየሳምንቱ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ በተራ ማስጣት ደስታየ ሆነ። ነፋስ ሲመጣ ክለቡ በሙሉ ቁጥቋጦ ላይ ይሮጣል።

አንድ ቀን የኔስ ቁጥር ስንት ነው ብየ ጠየቅኩት። አሰበና አሥር ቁጥር ላይ ያለውን ክብ በጣቱ ነካ።

«ያንቺ ይኸ ነው ሐዊቱ፣ ዜሮ።»

«ዜሮ ምንም ነው አላልክም?»

«ምንም ነው። ግን እሱ ከሌለ አሥር አይጻፍም።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ገና ደረሰ። የክርስቲያኖቹ ገና ሳምንት ማሊያ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ቁና እህል አልመጣም። የጋሽ ደምስ መኪና ድምፅ ከመንገዱ ጠፋ። እማየን ስጠይቃት መኪናው ታሟል ይላሉ አለችኝ። እኔ መኪና መታመሙን አመንኩ፤ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እማየ ዱዓ ስታደርግ እኔም በጎን ለመኪናው ዱዓ አደረግኩ። ጎማውን አሽርልን ብየ ለምኛለሁ፣ ምኑ እንደሚታመም ስለማላውቅ። ቤት ውስጥ ያለው ማሽላ ከእንቅቡ ሥር ሲታይ፣ እማየ የኔን ድርሻ ሰጥታ እሷ ጠግቤአለሁ ማለት ጀመረች። እኔ እውነት መስሎኝ የሷን እበላ ነበር።

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ሰኞ ከአጥሩ ውጭ «የታንኳ ሬሳ መጥቷል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከደስታየ ብዛት እንዶዱን ደፋሁት።

ጆንያውን ፈታን። እንዴት ያለ ጭቃ ነው፤ አንገቱ፣ ጀርባው፣ የብብቱ ሥር፣ ሁሉም ግራጫ። ሰዎቹ ከሰማይ የወረዱ ይመስላል። ሰባት ቁጥር እንኳ ቆሽሿል። አሸተትኩት፣ ደንገል ደንገል ይላል። «እማየ፣ ይኸ ከሐይቁ ዳር ነው። የት ሜዳ አለ እዚያ?» አልኳት።  እማየ የአንዱን ማሊያ ብብት ገልብጣ አየች። የሌላውን ገለበጠች። ከዚያ አያ ካሳን ወደ አጥሩ ጀርባ ና አለችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። የአያ ካሳ ራስ ብቻ ከአጥሩ በላይ ይታየኛል፣ ያ ረጅም ሰው እንደተቆጡት ተማሪ አቀርቅሯል። የእህል ክፍያው ይጨመርልኝ እያለችው ነው ብየ አሰብኩ። ሲወጣ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ለኔ አዲስ ሜዳ አግኝተናል፣ ከሐይቁ ዳር ነው፣ መኪናው እስኪድን እዚያ ነን አለኝ። አመንኩት።

የሚገርማችሁ ከዚያ በኋላ ማሊያው ተስተካከለ። ጭቃው ያው የሐይቁ ጭቃ ነው፣ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የበረኛው ጎኑ ላይ፣ የሰይድ ደረቱ ላይ። ሰባት ቁጥር ንጹሕ ሆነ። ነጩ ካርታም ብብት ሥር ተመልሶ መጣ። እኔ አዲሱን ሜዳ ለመዱት አልኩ።

እህሉ ግን ተለያየ። አንድ ሳምንት ማሽላ፣ አንድ ሳምንት ገብስ፣ አንድ ሳምንት በቆሎ፣ አንድ ሳምንት ባቄላ የተቀላቀለበት ጤፍ፣ እንክርዳዱ ያልተለቀመ። ቁናውም እንደዚያው፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ ጠርዙ የተበላ፣ አንዱ በቆዳ የተጠገነ። መኪናው ድኖ የማይሄድበት አገር የለም ማለት ነው ብየ ደስ አለኝ። ዱዓየ ሰመረ ብየ ለማንም ሳልናገር ኮራሁ።

በየካቲት አጎቴ መጣ። መሬታችንን አርሶ ዘርቶ ሲያበቃ፣ ቀንበሩን ሳያወርድ በግቢያችን ቆመ። የከተማውን ሜዳ አየሁት፣ ፍየል ነው የሚግጥበት አለ። ክለቡ ፈርሷል ሲሉም ሰምቻለሁ አለ። እና ይኸ የምትበሉት እህል ከማን ነው አለ። እማየ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ማሊያው መጣ። እኔ አጠብኩ። እህሉ መጣ። ሌላ ምን ልበልህ?» አለችው።

እኔ ዘልየ ገባሁ። አለ ክለቡ፣ ጭቃውን ላሳይህ ብየ ያልታጠበውን ጆንያ ጎትቼ አመጣሁና እየዘረገፍኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ይኸ የሰይድ ነው፣ በደረቱ ወድቆ ነው። ይኸ የአያ ካሳ ነው፣ በግራ በኩል ነው የመቱት። አዲስ ሜዳ አላቸው፣ ከሐይቁ ዳር። አጎቴ ቁምጣውን ተቀብሎ አሸተተ። «ይኸ ዓሣ የሚጠመድበት ጭቃ ነው» አለ። «ከማን ጋር ነው የሚጋጠሙት፣ ከአምባዛ ጋር?»

እንደ እድል ሆኖ አያ ካሳ ቁናውን ታቅፎ የደረሰው በዚያ ሰዓት ነው። አጎቴን አየ፣ የተዘረገፈውን አየ፣ እኔን አየ። ሰላምታ ሰጠና ጋሽ እንድሪስ እሑድ ከውጫሌ ልጆች ጋር ጨዋታ አለን፣ በከተማው ሜዳ፣ ብቅ ቢሉ ደስ ይለናል አለው፤ ድምፁ ትንሽ ቀጥኖ ነበር። አጎቴ እመጣለሁ አለ። «ልጅቷንም ይዣት እመጣለሁ። ጨዋታው ከሌለ ከዚያው ወደ ደሴ ነው።»

ስድስቱን ቀን በጣቴ እየቆጠርኩ ቆየሁ።

እሑድ ፍየሎቹ ተባረው ነበር። ግቡ ሁለት እንጨትና አንድ ገመድ ነው። ኳሱ በኮርቻ ሰፊ የተጠገነ ነው፣ ሲንከባለል ወደ አንድ ጎን ያነክሳል። የውጫሌ ልጆች በእግራቸው መጥተው አቧራ ለብሰዋል። ዳኛው የትምህርት ቤቱ መምህር ነው፤ ፊሽካውን ሲነፋ ውሻ የሚጠራ መስሎኝ ዞር ዞር አልኩ። ከዚያ የኛዎቹ ወጡ። አሥራ አንድ፣ በተራ ቁጥር፣ እኔ በእጄ ያጠብኩት፣ ሰው ገብቶበት። ቁጥቋጦ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይቸው አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ። አጎቴ አቧራ ገባብሽ አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኳሱን አልተከተልኩም። እድፉን ነው የተከተልኩት። ሰይድ ሲደፋ ያ ደረቱ ላይ የማሸው እድፍ ሲወለድ አየሁት። አያ ካሳ እንደ ታንኳ በጎኑ አየር ላይ ሲንሳፈፍና መሬት ሲመታ አየሁ። ለካ ሰው ተጎድቶ ነው ያ የሚቆሽሸው። የማጥበው አፈር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የውጫሌ ልጆች አገቡ። ሰይድም አገባ። ሊያልቅ ሲል ሰባት ቁጥር እግሩን ሰብሰብ ሲያደርግ ሌላ ገባብን፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። እኔ ተሸነፉ ማለት ተጫውተዋል ማለት ነው ብየ እጆቼን አጨበጨብኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወደ አጎቴ ቀና ስል ከአጠገቤ የለም። ሜዳው ውስጥ ገብቶ መምህሩን በዱላው እየጠቆመ ነው። ሁለተኛው ጎል ከመስመሩ አላለፈም ይላል። ድምፁ ተዘግቷል። አራት ሰው ይዞ አወጣው።

ቤት ስንደርስ እማየ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አጎቴ ውኃ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ። «ሰባት ቁጥሩ ሰነፍ ነው» አለና ሄደ። ደሴን አላነሣም። በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ ደግሞ መቼ ነው የሚጋጠሙት ብሎ ጠየቀ።

በልጉ ሰመረ፣ ገብሳችን በሰኔ ገባ። በመጨረሻው ሰኞ አያ ካሳ የታጠበውን ሊወስድ ሲመጣ ክለቡ ክረምት ስለሆነ ይበተናል አለኝ። ከአሥር ቁጥር ማሊያ ላይ ዜሮዋን በቢላ ፈትቶ በእጄ አስቀመጠልኝ። ባለቤቱስ ስለው አንድ ቁጥር ሁለት ይኑረን፣ እሱም በረኛ ይሁን አለኝ። ያች አረንጓዴ ቀለበት ይኸው ዛሬ ከሻንጣየ ሥር አለች። ራሕማ የምን ቁራጭ ናት እያለች ልትጥላት የነበረች ናት።

ደሴ አልሄድኩም። ሳድግ ሐይቅ ላይ አገባሁ፣ ሐይቅ ላይ ወለድኩ፤ እናቴን «እማየ» እንዳልኩ ቀበርኳት።

እማየ ካለፈች በሦስተኛው ዓመት ነው፣ አራተኛ ልጄን አዝየ ለውጫሌ ገበያ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መስከረም ነው፤ መኪናው ግሸን በሚሄዱ ተሳላሚዎች ሞልቷል። አንድ ሽማግሌ ረጅም እግራቸውን መሰብሰብ አቅቷቸው ሲቸገሩ አየሁ። እጃቸው እንደ መቅዘፊያ የሰፋ። ቀስ ብየ «የታንኳ ሬሳ መጥቷል?» አልኳቸው። ዞሩ። «ሐዊቱ» አሉኝ። ድምፃቸው አላረጀም።

እስከ ውጫሌ ድረስ ነገሩኝ። የጋሽ ደምስ መኪና የታመመችው ገደል ገብታ ነው፤ ገና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በአምባሰል ቁልቁለት። እሱ ተርፎ አገር ለቆ ሄደ፣ ክለቡ በዚያው ፈረሰ። አሥራ አንዱ ከሐይቁ ዳር ተቀመጡ። ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው፣ ለከዲጃ ማን ይንገራት ነው ጭንቁ። እህል እንስጣት ያለ ነበር፣ ፊታችን ላይ ትደፋዋለች አሉት። እንግዲያው ማሊያውን እናቆሽሽ ተባለ። እህሉን ከየቤታቸው በማሊያ ቁጥር ተራ አወጡ፤ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ፣ እስከ ሰኔ ሁለት ዙር። ከዚያ የመጀመሪያውን ሳምንት ማሊያውን ጭቃ ላይ ጥለው በእግራቸው ረገጡት።

 ቁናዎቹ ፊቴ ላይ መጡ፤ አዲሱ፣ ጠርዙ የተበላው፣ በቆዳ የተጠገነው። እማየ ሳታውቅ ሞተች አልኳቸው። አያ ካሳ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሳታውቅ? አሉ። ለመሆኑ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እሑድ ከሐይቁ ዳር ያሯሯጠን ማን መሰለሽ? ጠዋት ሥራችንን ጥለን፣ ማሊያ ለብሰን፣ ላባችን እስኪንጠፈጠፍ፣ ከዚያማ እየሮጥን ከሆነ ኳሱንም እናምጣው ያሰኘን ማን ነው? እሷ ባታስሮጠን ኖሮ አጎትሽ ሊያየን በመጣ ቀን አሥር ደቂቃ ሜዳው ላይ እንቆም ነበር?

ያን ቀን ከአጥሩ ጀርባ ምን አለችዎት አልኳቸው።

አያ ካሳ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ፣ ጎንበስ አሉ፣ እናቴ ስትናገር እንደነበረው ቀስ ብለው ተናገሩት።

«ካሳ፣ እኔ ያልሠራሁበትን አልበላም፤ እናንተም ያልሮጣችሁበትን አታምጡልኝ። ላብ የሌለበት ማሊያ አላጥብም።»